ከዘጠና ሦስት ወደ ዘጠና አራት

ይድረስ ለማከብርሽና ለምሳሳልሽ ለታላቅ እህቴ ለእትዬ ፋሌሲ፤

ለጤናሽ እንደምን ነሽ? ወገብሽን እንዴት አደረገሽ? የእናንተ አገር ብርድ ዘንድሮ ከእኛው ይብሳል ሲሉ ሰምቼ፣ በዚያ ጠዋት ተነስተሽ የሰው ወለል ስታጥቢ እየታየኝ ሆዴ ይባባል። ባለቤትሽ ጋሼ ዊላርድ ደህና ነው ወይ? አዲሱ ሥራ ተስማማው? ልጅሽ ቺሶሞ ያ የሚወዛወዘው ጥርሱ ወለቀ ወይስ አሁንም በምላሱ እየነካካ ያስቸግርሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን በአካል ደህና ነን። እናታችን ጉልበቷን ቆርጠም ያደርጋታል እንጂ ከጓሮዋ አልተለየችም። በቆሎውም ደህና ገባ፤ ጎተራው እስከ አፉ ባይሞላም እስከ ጥር ያደርሰናል ብለን ተስፋ አድርገናል።

ስልክ እያለ ለምን ወረቀት ላከ ሳትይ አትቀሪም። ባለፈው ወር ሦስት ጊዜ ደውዬልሻለሁ፤ ሦስቱንም ጊዜ ስለ በቆሎና ስለ ብርድ አውርቼ ዘጋሁት። በመጨረሻው ቀን «ማዬሶ፣ የደበቅከኝ ነገር አለ እንዴ?» ስትይኝ «ኔትዎርኩ ነው» ብዬሽ ነበር። ኔትዎርኩ ምንም አልሆነም። ድምፅሽን እየሰማሁ ለመናገር አቅም አጣሁ እንጂ። ስለዚህ ይህን በጆሃንስበርግ አውቶቡስ ሹፌር እጅ ልኬልሻለሁ። እባክሽ ብቻሽን ሆነሽ አታንብቢው፤ ጋሼ ዊላርድ ከሥራ እስኪገባ ጠብቂው።

ነገሩ ስለ አሊናፌ ነው። በገና መጥተሽ አምስት ቀን ሙሉ የተንበረከክሽበት፣ ሲሚንቶ አቡክተሽ በመስቀሉ ላይ ስሟን በጣትሽ የጻፍሽበት፣ ሰማያዊ ኩባያዋን ያስቀመጥሽበት መቃብር የእሷ አልነበረም። እዚያ ያረፉት አባባ ሲቶሎ ናቸው፤ እኒያ ብስክሌት ጠጋኙ። ልጅሽ ከእሳቸው ቀጥላ፣ አንድ እርምጃ ወደ ቀኝ ነበረች። ያሳሳተሽም ሌላ ሰው አይደለም፤ እኔ ነኝ።

እንዴት እንደሆነ ከመጀመሪያው ልንገርሽ። ምክንያት እያበዛሁ ራሴን ለማውጣት ብዬ አይደለም። ነገሩን ከሰው አፍ ከምትሰሚው ከእኔው ብትሰሚው ይሻላል ብዬ ነው።

ግድቡ የድሮውን መቃብር ሊያጥለቀልቀው ነው የተባለ ጊዜ፣ ሙታኑን ወደ አዲስ መቃብር የሚያዛውረው የግድቡ ኩባንያ ኮምፒውተር የሚያውቅ የመንደሩን ልጅ ሲፈልግ እኔን ቀጠረኝ። እናታችን ደስ አላት። ሙታኑን ባዕድ ሰው ከሚመዘግባቸው የራሳቸው ልጅ ቢመዘግባቸው ይሻላል አለች። እኔም እንደዚያው አሰብኩ። የቀባሪዎቹ አለቃ አባባ ካዚንጋ ከበሩ ጀምሮ ወደ ውስጥ በዛፎቹ መካከል እየመሩኝ፣ ይህ የእገሌ ነው፣ ይህ የእገሊት ነው ሲሉኝ በቅደም ተከተል ጻፍኩ። መቶ ሰማንያ ስድስት ሆኑ። አንደኛዋ ናምቤዌ የምትባል ከሁሉም በፊት የተቀበረች ሴት ነበረች። አሊናፌ ዘጠና አራተኛ ነበረች። ለእያንዳንዱ ሣጥን የቆርቆሮ ቁጥር ተመታ፤ በአዲሱ መቃብር ቁጥር የተሰጣቸው ጉድጓዶች ተቆፈሩ፤ ቀባሪዎቹ እያንዳንዱን ሣጥን ወደየቁጥሩ አስገቡ። እንደ ልማዳችን ከእነሱ በቀር ማንም አልገባም። እስከዚህ ድረስ አንዲት ስህተት የለችም።

ስህተቱ የመጣው የስም ሰሌዳዎቹ ሲሠሩ ነው። ከመዝገቡ ስም እያነሳች ለእያንዳንዱ ጉድጓድ የሰሌዳ ዝርዝር የምትሞላ አጭር ፕሮግራም ጻፍኩ። እኔና አንቺ ስንቆጥር አንድ ብለን እንጀምራለን። ኮምፒውተር ግን በዝርዝሩ ውስጥ የመጀመሪያውን ቦታ ዜሮ ብሎ ነው የሚጠራው። መቶ ሰማንያ ስድስት ስም ብትሰጪው የመጨረሻው ቦታ መቶ ሰማንያ አምስት ይሆናል። ይህን የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል፤ እኔም አውቀዋለሁ። የዚያን ቀን ግን ዘንግቼ ከአንድ እስከ መቶ ሰማንያ ስድስት ሙላ አልኩት። ለጉድጓድ አንድ ቦታ አንድ ላይ ያለውን ስም አነሳ፤ እዚያ ያለው ግን ሁለተኛው ሰው ነበር። ለሁለተኛው የሦስተኛውን ሰጠ፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ሁሉንም ስም አንድ ጉድጓድ ወደ ኋላ ሳበው። መጨረሻው ላይ ሲደርስ የሚያነሳው ስም አጣና በቀይ ጽሑፍ ከዝርዝሩ ወሰን ውጭ ነህ ብሎ ቆመ።

እትዬ፣ ያ ቀይ ጽሑፍ እውነቱን እየነገረኝ ነበር። ሰሌዳዎቹን ወደሚያትመው ሱቅ የሚሄደው መኪና ደጅ ቆሞ ጡሩምባ ይነፋል፤ ሹፌሩ «አንተ ልጅ፣ ሙታኑ እንኳ ከአንተ ይፈጥናሉ» እያለ ይሳለቃል። መቶ ሰማንያ ስድስት የሚለውን አጥፍቼ መቶ ሰማንያ አምስት አልኩት። ዝም አለ። ዝም ማለቱን እንደ መስተካከል ቆጠርኩት። የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ስም ብቻ እንኳ ከመዝገቡ ጋር ባስተያይ ወዲያው ይታየኝ ነበር። አላስተያየሁም። ፋይሉን ሰጥቼ ወጣሁ፤ ምሳዬንም በላሁ።

ሰሌዳዎቹ መጥተው ሲተከሉ ሰው ሁሉ ደስ አለው። ያ ስሙ የትም ተጽፎ የማያውቅ ሰው ሁሉ ስሙ በታተመ ፊደል ቆመለት። እናታችን ማንበብ ባትችልም የአሊናፌን ሰሌዳ በመዳፏ ስትዳብስ አየኋት። መጨረሻ ላይ ሰሌዳ የሌለው ጉድጓድ ሲታይ ፎርማኑ «ትርፍ ነው፣ ለሚቀጥለው ሟች ይሁን» አለ፤ ሰውም ሳቀ። ናምቤዌ የት አለች ብሎ የጠየቀ የለም፤ ጠያቂ ዘመድ እዚህ አልነበራትማ።

ዘጠኝ ወር እንዲህ አለፈ። በመካከሉ አንቺ መጣሽ።

በግንቦት መጨረሻ አንዲት አሮጊት ምርኩዝ ይዘው ከድንበሩ ማዶ፣ ከሞዛምቢክ በኩል፣ ቢሮዬ ድረስ መጡ። እማማ ዶሪካ ይባላሉ። ገና በልጅነታቸው ተድረው ሄደው በጦርነቱም በምኑም ሳይመለሱ ቀርተዋል። የናምቤዌ ልጅ ናቸው። መቃብሩን ሁለት ጊዜ ዞረው፣ አንድ ተማሪ ሰሌዳውን ሁሉ እያነበበላቸው፣ የእናታቸውን ስም አጡት። «ሙት እግር የለው፤ እናቴ ወዴት ሄደች የኔ ልጅ?» አሉኝ። መዝገቡን ገለጥኩ፤ አንደኛ ላይ አለች። የሰሌዳውን ዝርዝር ከፈትኩ፤ የለችም። አታሚው ጥሏት ይሆናል ብዬ ብቆጥር መቶ ሰማንያ አምስት ሆነብኝ። ከዚያ ያቺን ፕሮግራም ከፈትኳት። ሁለት መስመር ናት። ሁለቱን መስመር ደጋግሜ አነበብኳቸው። ወዲያው ወደ አእምሮዬ የመጣው የእማማ ዶሪካ እናት አልነበረችም፤ አንቺ ነሽ፤ በገና ጠዋት ጉልበትሽ አፈር ለብሶ።

ለአለቃዬ ነገርኩት። ክፉ ሰው አይደለም፤ ነገር እንዳይነሳ ግን ይፈልጋል። «ሣጥኖቹ በቦታቸው ናቸው፤ የተሳሳተው ሰሌዳው ነው። ሙት አይከስስም። ለአሮጊቷ አንድ ሰሌዳ አሳትምና ባዶው ላይ ትከልላቸው፤ በቃ» አለኝ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ተቀብዬው ነበር። ሰሌዳውን አሳትሜ፣ እማማ ዶሪካን ይዤ ወደ መቶ ሰማንያ ስድስተኛው ጉድጓድ ወሰድኳቸው። መዶሻውን ስይዝ እሳቸው ከትከሻቸው ጨርቃቸውን አወረዱና ቀስ ብለው አነጠፉ። ምርኩዛቸውን አስቀምጠው ሊንበረከኩ አንድ እጃቸውን መሬት ላይ አደረጉ። ክንዳቸውን ያዝኳቸው። «እዚህ አይደለችም፣ እማማ» አልኳቸው። «ታዲያ ልታንበረክከኝ ያመጣኸኝ ለማን ነው?» አሉኝ። ጨርቁን አንስቼ ወደ በሩ፣ ወደ አንደኛው ጉድጓድ ወሰድኳቸውና በሰው ስም ስር ያለችውን እናታቸውን አሳየኋቸው። እዚያ ሲያለቅሱ ራቅ ብዬ ቆሜ እኔም አለቀስኩ።

ከዚያ ቀጥታ ወደ አባባ ካዚንጋ ሄድኩ። ኮምፒውተሬን አላመንኩትማ፤ ራሴንም አላመንኩም። ከማሽን ይልቅ ትከሻው የሚያስታውስ ሰው ፈለግኩ። አሊናፌን የት እንዳስገቧት ያስታውሱ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። «የልጅ ሣጥን እንዴት ይረሳል?» አሉ። «ሌላውን ለሁለት ነው የምንይዘው። እሷን ብቻዬን አቀፍኳት። ቀላል ነበረች። ያስገባኋት ከነጩ ድንጋይ ትይዩ ነው።» አብረን ሄድን። ነጩ ድንጋይ የተጋደመው በዘጠና አራተኛው ትይዩ ነው። የአንቺ መስቀል ግን ዘጠና ሦስተኛው ላይ ቆሟል። ታዲያ ለምን ዝም አሉ ብላቸው ፊታቸውን አዞሩ። «እናትህን ከሲቶሎ ራስጌ ተቀምጣ አይቻታለሁ። ግን ሰሌዳው የታተመ ነው፣ እኔ ደግሞ ፊደል አልቆጠርኩም። የታተመ ነገር ከእኔ የበለጠ ያውቃል ብዬ ዝም አልኩ» አሉኝ። ያ ቃል እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

ለእናታችን በዚያው ቀን ነገርኳት። ሦስት ቀን ምግቤን አቀረበችልኝ፤ አላናገረችኝም። በአራተኛው ቀን በቆሎ እየፈለፈለች፣ ቀና ሳትል፣ «አጎት ማለት ምን ማለት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። የእህቱን ልጆች የሚጠብቅ ነው አልኩ። «እንግዲያው ጠብቃት» አለችና መፈልፈሏን ቀጠለች።

የመንደሩ አለቃ ቺምባሉ ሰው ሰበሰቡልኝ። ተነስቼ እንዳለ ተናገርኩ፤ ፕሮግራሙንም፣ መኪናውንም፣ ሊተከል የነበረውን የውሸት ሰሌዳም አልደበቅኩ። አንዱ ከኋላ «ኮሌጅ ድረስ የላክንህ ከዜሮ መቁጠር እንድትማር ነው?» አለ። ሌላው ደግሞ «እኔ ከዓመት ዓመት ሰላም የማልለውን ሰው ነው ዘጠኝ ወር ሳለቅስለት የኖርኩት?» ሲል ጥቂቶች ሳቁ፤ ወዲያው ግን ሳቁ ሞተ። አንዲት ሴት ተነስታ ወጣች። ከረጅም ክርክር በኋላ ሽማግሌዎቹ ሙት ሁለት ጊዜ ከአልጋው አይነሳም፤ የሚነሳው ስሙ ነው ብለው ወሰኑ።

ፕሮግራሙን እንደገና ጻፍኩት። ዝርዝሩን ከዜሮ አስጀምሬ፣ ለጉድጓዱ ቁጥር አንድ ጨምሬ ሞላሁት። ቀይ ጽሑፍ አልመጣም፤ ግን አላመንኩትም። ወረቀት ላይ አትሜ ከአባባ ካዚንጋ ጋር ከበሩ እስከ መጨረሻው እያንዳንዱን ስም ጮክ ብዬ እያነበብኩ ሄድን፤ እሳቸው አዎ እስኪሉ ሳልራመድ። ግማሽ ቀን ፈጀ። መጀመሪያውኑ ማድረግ የነበረብኝ ያንኑ ነበር።

ሰሌዳዎቹ የተዛወሩት ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ነው። ከፊት ብንጀምር አንዱ ስም በሌላው ላይ ይደረባል፤ ስለዚህ ከመጨረሻው ጀመርን። ሰሌዳ ያልነበረው ጉድጓድ መጀመሪያ ስሙን አገኘ፤ ያ ሰሌዳ የለቀቀውን ቦታ ደግሞ ከእሱ በፊት የነበረው ሰሌዳ ሞላው። እኔ ዝርዝሩን ይዤ ቁጥር እየጠራሁ፣ እያንዳንዱ ቤተሰብ ስሙን ከመሬት ነቅሎ አንድ እርምጃ ይራመዳል። ጎረቤቱ እስኪለቅለት ድረስ ስሙን እንደ ሕፃን ታቅፎ የሚጠብቅ ነበር። ዘጠና አራት ላይ ስንደርስ ያ ሰሌዳ የማን እንደነበረ ታውቂያለሽ? የዮናሲ፤ የእማማ ናንኮማ ልጅ፣ ከጣሪያ ወድቆ የሞተው። እማማ ናንኮማ እሁድ እሁድ እየመጡ ይጠርጉት የነበረው የአሊናፌን መቃብር ነበር ማለት ነው።

እሳቸው ሰሌዳውን ከነቀሉ በኋላ አልሄዱም። «ዘጠኝ ወር ሙሉ ለዮናሲ ብዬ ስለ ፍየሎቹ፣ ስለ ሚስቱ ሌላ ማግባት፣ ስለ ጣሪያው ማፍሰስ የነገርኩት ለዚህች ሕፃን ነው?» አሉ። «ለልጅ የማይነገር ነገር ሁሉ ነገርኳት።» ትንሽ ፈገግ አሉና ፈገግታቸው ወደ ለቅሶ ተለወጠ። ከዚያ ወደ እናታችን ዞረው «አንድም እሁድ ብቻዋን አልዋለችም፤ ይህን ለእናቷ ጻፉላት» አሉ። ይኸው ጽፌልሻለሁ።

አሁን ደግሞ የሚከብደኝን ልጨምር። መስቀልሽን ቀስ ብለን ልናወጣ ዙሪያውን ስንቆፍር ሁለት ሰዓት ገደማ ፈጀብን፤ እግሩ መሬቱን ይዞ አልለቅ አለ። ሊወጣ ሲል ግራ እጄ ከዳኝና የቀኝ ክንዱ ተሰበረ። «አሊ» ያልሽው ቀረ፣ «ናፌ» ያልሽው በእጄ ላይ ወደቀ። ሰው ሁሉ አየ። ማንም አልተቆጣኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ክንዱን በጨርቅ ጠቅልዬ ከአልጋዬ ራስጌ አስቀምጫለሁ። ልጠግነው ብዬ ሲሚንቶ ባቦካም እናታችን አስቆመችኝ፤ የጻፈችው እሷ ናት፣ የምትወስነውም እሷ ናት አለች። ኩባያውን ግን ራሷ አጥባ፣ ራሷ አሊናፌ ራስጌ አስቀምጣለች።

እትዬ፣ ልጅሽ ስትሞት አልነበርሽም። የሌላ ሰው ልጆች ስታሳድጊ የራስሽን አልቀበርሽም። ሁለት ዓመት ሙሉ በሆድሽ ይዘሽው የመጣሽውን ይቅርታ በዚያ በገና ጠዋት ስትናገሪ ከአጥሩ ስር ሆኜ ድምፅሽን ሰምቻለሁ። ያንን ሁሉ ለብስክሌት ጠጋኝ አስነገርኩሽ። ይህን በምንም ነገር ልመልስልሽ አልችልም። አሁን ከኩባንያው ወጥቻለሁ፤ ያባረረኝ የለም፣ እኔው ነኝ መመለስ ያቃተኝ። ይህን የጻፍኩልሽ ሥራ አጣሁ ብዬ ለማማረር አይደለም፤ ከሰው እንዳትሰሚው ነው። ይቅር በይኝ ብዬ እዚህ ወረቀት ላይ አልጠይቅሽም። ብትቆጪም፣ ዝም ብትዪም፣ ስልኬን ባታነሺም ልክ ነሽ። እኔ ግን እሁድ እሁድ እሄዳለሁ። አባባ ሲቶሎንም ሳልፍ ሰላም እላቸዋለሁ፤ የሰሙትን ሰምተው የቻሉ ሰው ናቸው።

ለጋሼ ዊላርድ የከበረ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፤ አንቺን እንዲይዝሽ ለምነዋለሁ በይው። ቺሶሞን ጉንጩን ሳሚልኝ፤ ስለ እህቱ የምትነግሪውንና የማትነግሪውን አንቺ ታውቂያለሽ። አብራችሁ የምትኖረው ልጅ ታዶካንም ሰላም በያት። ከዚህ በኩል አክስታችን ሜርካ፣ አባባ ካዚንጋና እማማ ናንኮማ ሰላም ብለውሻል። እማማ ዶሪካም ወደ አገራቸው ከመመለሳቸው በፊት፣ ባያውቁሽም፣ ለዚያች እናት ሰላም በልልኝ ብለውኛል።

እናታችን አጠገቤ ተቀምጣ የምጽፈውን ሳነብላት ቆይታ፣ አንድ ነገር ብቻ ከእኔ ጨምርልኝ ብላለች። እንዳለችው እንዲህ ነው፦ «ስትመጪ መጀመሪያ ወደ ቤት ግቢ። ብቻሽን ወደዚያ እንዳትሄጂ። እኔ ቦታውን አውቀዋለሁ፤ እጅሽን ይዤ አደርስሻለሁ።»

ወንድምሽ ማዬሶ
ካምፑሉሳ መንደር፣ ማላዊ
ጁላይ 14 ቀን 2019 እ.ኤ.አ.